ለክረምት የተሰናዳች ብስክሌት

ብዙ ሰው ብስክሌት ሲገዛ አስቀድሞ የሚመለከተው ቀለሟን፣ ቅለቷንና ፍጥነቷን ነው። እነዚህ ሁሉ የሚፈለጉ ነገሮች መሆናቸው አይካድም። ይሁን እንጂ ለረጅም መንገድ የምትፈለግ ብስክሌት መመዘን ያለባት ፀሐይ በወጣበት ቀን ሳይሆን፣ ዝናብ በሚወርድበት፣ ነፋስ ፊት ለፊት በሚገፋበትና ቀኑ በሚመሽበት ሰዓት ነው። በመልካም ቀን ማንኛዋም ብስክሌት ታደርሳለች፤ በክፉ ቀን የምታደርስ ግን አስቀድሞ ታስቦባት የተሰናዳች ብቻ ናት።

ይህን ያስተማረኝ ችግር ነው። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በባሕር ዳር ከተማ በመምህርነት ሳገለግል እናቴ ወረታ ትኖር ነበር። የደም ግፊት ሕመም ስለ ነበረባት በየቀኑ የምትወስደው መድኃኒት መቋረጥ አልነበረበትም። መድኃኒቱ በአካባቢዋ ሲጠፋ ከባሕር ዳር ገዝቼ የማደርስላት እኔ ነበርሁ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና መሄድ ቢቻልም፣ በገበያና በበዓል ሰሞን ቦታ አይገኝም፤ ወጪውም ለደመወዜ ከባድ ነበር። ስለዚህ በበጋም ሆነ በክረምት፣ በፈለግሁት ሰዓት ይዣት የምነሣ ብስክሌት አስፈለገችኝ።

ያገለገለች፣ ነገር ግን ጠንካራ የብረት አካል ያላት ብስክሌት ገዝቼ በሙያቸው ወደ ተመሰገኑ አንድ አዛውንት ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኋት።

«ጋሼ፣ ይህችን ለረጅም መንገድ ያሰናዱልኝ» አልኋቸው።

ዙሪያዋን ተመልክተው፣ «መምህር፣ ለማጌጫ ነው ወይስ ለመድረሻ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ለመድረሻ ነው።»

«እንግዲያውስ ከእርስዎ ልክ እንጀምር» አሉ።

ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ሰውየውን እንደሚለካ፣ እሳቸውም መጀመሪያ የለኩት እኔን ነበር። ኮርቻው ላይ አስቀምጠው ተረከዜን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ አሳረፉ፤ እግሬ ሳይንጠራራ ቀጥ እስኪል ድረስም የኮርቻውን ከፍታ አስተካከሉ። እንዲህ ከሆነ በፊተኛው የእግር መዳፍ ሲረገጥ ጉልበት ጥቂት ይታጠፋል፤ ከሰዓታት ጉዞ በኋላም አይታመምም። መሪውንም ወገቤን እንዳያጎብጠኝ ከፍ አደረጉት።

ቀጥሎ የታሰበው ጎማ ነበር። ለውድድር የሚመረጠው ቀጭን ጎማ ለተቦረቦረ መንገድ አይመችም። ስለዚህ ወርዱ 35 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ አስገጠምሁ። ሰፊ ጎማ ብዙ አየር ስለሚይዝ ንፋሱ በመጠኑ ቢቀነስለትም ቸርኬው ከድንጋይ ጋር አይጋጭም፤ የመንገዱን ንዝረትም ያበርዳል። ቸርኬውም ከብረት ወደ አሉሚኒየም ተለወጠ። የብረት ቸርኬ ውሃ ሲነካው ፍሬን በቀላሉ አይዘውም፤ አሉሚኒየም ግን በዝናብም ቢሆን የተሻለ ይያዛል።

የክረምት ብስክሌት ዋና መለያ የጭቃ መከላከያዋ፣ በተለምዶ ፓራፋንጎ የምንለው ነው። ብዙዎች ውበት ይቀንሳል ብለው ይነቅሉታል። ነገር ግን ሰውን በክረምት የሚያቆሽሸው ከሰማይ የሚወርደው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ጎማው ከመሬት እያነሣ የሚረጨው ጭምር ነው። የእኔዎቹ ጎማውን በሚገባ የሚሸፍኑ ሲሆኑ፣ በፊተኛው ጫፍ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ መጋረጃ ተንጠልጥሎበታል። ይህም እግርንና ሰንሰለትን ከጭቃ ያድናል። በጎማውና በመከላከያው መካከል የአንድ ጣት ክፍተት ተትቷል፤ አለበለዚያ ጭቃው ተጠቅጥቆ ጎማው መዞር ያቅተዋል።

ማርሹ የተመረጠው በስሌት ነው። ከፊት 28 ጥርስ፣ ከኋላም 28 ጥርስ ያለው ሲያያዝ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ብስክሌቷም 2.1 ሜትር ያህል ትራመዳለች። ከፊት 44፣ ከኋላ 14 ሲሆን ግን በአንድ ዙር 6.6 ሜትር ገደማ ትሄዳለች። የመጀመሪያው ለዳገትና ለነፋስ፣ ሁለተኛው ለሜዳ ነው።

ለመብራቱ ጀርመን አገር የሚኖር የአጎቴ ልጅ ረዳኝ። በጎማው ጎን እየተፋተገ የሚሠራው የተለመደው ዲናሞ በዝናብ ጊዜ ይንሸራተታል። እርሱ ያመጣልኝ ዲናሞ ግን በፊተኛው ጎማ መሐል የሚገጠም ሲሆን፣ 6 ቮልትና 3 ዋት ኃይል ያመነጫል። ጎማው እስከ ዞረ ድረስ ብርሃን አለ። ከኋላም ቀይ መብራትና ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሰሌዳ ተጨመረ፤ በጨለማ የሚጓዝ ሰው ማየት ብቻ ሳይሆን መታየትም አለበትና። በመጨረሻ ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ውሃ የማያስገባ ቦርሳ አሰፋሁ። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ስላልተገኘ ይህ ሁሉ አራት ወር ፈጀ።

እንዲህ ያለው አስተሳሰብ በሌላውም ዓለም የቆየ ነው። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1891 የተጀመረው ከፓሪስ እስከ ብረስት ደርሶ የሚመለሰው የብስክሌት ጉዞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። በዘመናችን በየአራት ዓመቱ የሚካሄደው ይህ ጉዞ ቢበዛ በ90 ሰዓት መጠናቀቅ አለበት። ተጓዡ ሌሊቱንም ዝናቡንም መሻገር ግዴታው ስለሆነ መብራቱንና ልብሱን እንደ ጉልበቱ ሁሉ ያስብባቸዋል።

የእኔ ብስክሌት የተፈተነችው በነሐሴ ወር 2005 ዓ.ም. ነው። እናቴ የቀራት መድኃኒት የአንድ ቀን ብቻ መሆኑ በስልክ ተነገረኝ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የዓባይን ድልድይ ተሻገርሁ። ዘንዘልማን እንዳለፍሁ ዝናቡ ጀመረ፤ ሐሙሲት ስደርስ ምሽቱ ተቃረበ። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሲያጓራ ከሩቅ ይሰማ ነበር። በስተግራና በስተቀኝ የፎገራ ሜዳ ውሃ ለብሶ ተኝቷል። ብርሃኑ ከፊቴ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ እያሳየኝ፣ ፍሬኑም ሳይከዳኝ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የእናቴን በር አንኳኳሁ። መድኃኒቱ አንዲት ጠብታ አልነካችውም። እናቴ ልብሴን ከላይ እስከ ታች ተመልክታ፣ «ዝናቡንስ ይዘኸው መጣህ፤ ጭቃውን የት ጣልኸው?» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ ክረምትን መፍራት ተውሁ። በእርጥብ አስፋልት ላይ ጎማው የሚያሰማው ለስላሳ ድምፅ፣ ከዝናብ በኋላ የሚሸተው አፈር፣ አረንጓዴው የሩዝ ማሳ፣ በውሃ ዳር የሚግጡት የፎገራ ከብቶች፣ ይህ ሁሉ መኪና ውስጥ ለተቀመጠ መንገደኛ በመስኮት የሚያልፍ ሥዕል ነው፤ ለእኔ ግን የጉዞው ዋጋ ነበር። ደስታው ያለ ድካም አልተገኘም። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ሰንሰለቱን እጠርጋለሁ፣ ዘይት እቀባለሁ፤ በየጊዜውም በማስመሪያ እለካዋለሁ። የአዲስ ሰንሰለት 24 ማያያዣዎች 30.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማሉ፤ ከዚህ 2 ሚሊ ሜትር ከጨመሩ ሰንሰለቱ ጥርሶቹን ሳይበላ መለወጥ ይኖርበታል።

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ፓራፋንጎ የሚገጠመው ዝናቡ ሳይጀምር ነው፤ መብራት የሚሞከረው ቀን በብርሃን ነው። በብስክሌቴ ላይ ምክንያት የሌለው አንድ ብሎን እንኳ አልነበረም፤ የእያንዳንዱም ምክንያት አንድ ክፉ ቀን ነበር። ለዚያ ቀን አስቀድሞ ያሰበ ሰው ቀኑ ሲመጣ ሐሳቡ ነጻ ነው፤ ዝናቡንም መንገዱንም ቀና ብሎ ለማየት ጊዜ ያገኛል።