የእናቶች መልእክት የት ቀረ?

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ እንጦጦ ግርጌ የሚኖሩ እናቶች የልጆቻቸው መልእክት ሳይደርሳቸው ሲቀር ሆዴ ይባባል። ኔትወርኩን ያማርራሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ልጅ ከባሕር ማዶ የላከውን አይፎን ትተው ሲማቸውን አንድሮይድ ላይ ሲያደርጉ፣ ቁጥራቸው አይሜሴጅ በሚባለው የአይፎን መልእክት መላላኪያ ላይ እንደተመዘገበ ሊቀር ይችላል። ያኔ ከሌላ አይፎን የሚላክላቸው በኢንተርኔት ይሄድና አዲሱ ስልክ ላይ አይደርስም። ሲሙን ወደ አይፎኑ መልሳችሁ ሴቲንግ ውስጥ አይሜሴጅን አጥፉላቸው። አይፎኑ ከጠፋም አፕል ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ማሰረዝ ይቻላል።

ከዚያ በኋላ በተራ ኤስኤምኤስ ስትልኩላቸው ደግሞ፣ አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን 160 ሆሄ ሲይዝ በእኛ ፊደል 70 ብቻ ነው፤ ረዘም ያለ ሰላምታ ተከፋፍሎ እንደ ሁለት ሦስት ይቆጠራል። ቢሆንም በአማርኛ ጻፉላቸው። እናት «እንደምን አደርሽ»ን በላቲን ፊደል ለማንበብ መቸገር የለባትም።