አራት ደቂቃ ሲቀር

በፌርፋክስ ጎዳና፣ በኦሊምፒክና በዊትወርዝ መካከል ባለችው አጭር መንገድ፣ ስለ ባሕር ሳይወራ የሚያልፍ ሳምንት የለም። የሎስ አንጀለስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየማት ይህች ሰፈር ከእንጀራዋና ከቡናዋ ጋር ክርክሯንም ይዛ ነው የተሻገረችው። አሰብ፣ ምፅዋ፣ ወደብ፤ ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ድምፅ ከፍ ይላል። ጥግ ይዘው የሚቀመጡት ሽማግሌ ግን አይናገሩም። ሰፈሩ «ጋሽ ባሕረኛው» ይላቸዋል። ከዚያ ሁሉ ተከራካሪ መካከል መርከብ ላይ የሠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። በበጋ፣ ረቡዕ ከሰዓት ሲሆን፣ ሒሳባቸውን ከፍለው ይወጣሉ።

የሚሄዱት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ማሪና ዴል ሬይ ነው። እዚያ በሺህ የሚቆጠሩ ጀልባዎች ታስረው ይውላሉ፤ አመሻሹ ላይ ከምዕራብ የሚነሳው ነፋስ ሲበረታ የሸራ ጀልባዎቹ ለውድድር ይወጣሉ። የጀልባ ክበብ ሲባል የሀብታም ቤት ይመስላል፤ ሐሰትም አይደለም። ውድድሩን የሚያስኬዱት ግን በብዛት ያለ ክፍያ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንዱ መልህቅ ይጥላል፣ አንዱ ነፋሱን ይለካል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ባንዲራ ይሰቅላል፣ አንዱ የሸራ ቁጥር ይመዘግባል። የራስ ጀልባ መኖር ግድ አይደለም።

ጋሽ ባሕረኛው የገቡበት በአጋጣሚ ነው። ታክሲ በሚነዱበት ዘመን አንድ ተሳፋሪ ክበቡ በር ላይ ሲያወርዱ፣ ምሰሶው ላይ ዙሪያው ሰማያዊ፣ መሐሉ ነጭ የሆነ ባንዲራ አዩ። «ፒ» አሉ፣ ሳይታወቃቸው። ተሳፋሪው የከፈተውን በር መልሶ ዘጋና የት እንደተማሩት ጠየቃቸው። «ምፅዋ» አሉ። ሰውዬው ምፅዋ የት እንደሆነች አያውቅም ነበር። በሚቀጥለው ረቡዕ ግን ሽማግሌው በኮሚቴው ጀልባ ላይ የባንዲራ ገመድ ይዘው ቆመዋል።

የጣና ልጅ ናቸው። መጀመሪያ የተሳፈሩት በደንገል ታንኳ ነው። አማርኛ ሐይቁንም ውቅያኖሱንም ባሕር ስለሚል፣ ከባሕር ዳር ተነስተው ቀይ ባሕር ሲደርሱ የቃሉ ስፋት እንጂ ቃሉ አልተለወጠባቸውም። በኖርዌይ መኮንኖች እገዛ የተቋቋመው የባሕር ኃይል፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የመጣችው «ኢትዮጵያ» የተባለች ዋና መርከቡ ገና በአገልግሎት ላይ እያለች ነበር የተቀበላቸው። የተመደቡት ምልክት ክፍል ነው።

የሸራ ጀልባ እንደ ሯጭ መስመር ላይ ቆሞ ተኩስ አይጠብቅም፤ ፍሬን የለውም። ከኮሚቴው ጀልባ እስከ አንድ ተንሳፋፊ ምልክት በዓይን በሚሰመር መስመር ኋላ እየተሽከረከረ፣ ሰዓቱ ሲሞላ በሙሉ ፍጥነቱ ለመግባት ያደባል። 5 ደቂቃ ሲቀር የምድቡ ባንዲራ ይወጣል። 4 ሲቀር ፒ ይጨመራል። 1 ሲቀር ፒ ይወርዳል። ዜሮ ላይ የምድቡ ባንዲራ ሲወርድ ውድድሩ ተጀመረ። በየምልክቱ ጡሩምባ ይነፋል፤ ሕጉ ግን ሰዓት የሚያዘው ከባንዲራው ነው ይላል፤ ጡሩምባው ባይሰማ ለውጥ የለውም። ቀድሞ መስመሩን ያለፈ ካለ፣ ነጭ ላይ ሰማያዊ መስቀል ያለበት ኤክስ ይወጣል። ያ ጀልባ ተመልሶ እንደገና መጀመር አለበት።

ባለፈው በጋ የጎረቤታቸውን ልጅ ይዘዋት ይሄዱ ነበር። ለትምህርት ቤቷ የበጎ ፈቃድ ሰዓት ማሟላት ነበረባት። ሰዓት መያዝና ቁጥር መጻፍ ሰጧት። አንድ ምሽት 1 ደቂቃ ሲቀር ጡሩምባው እምቢ አለ። ልጅቷ ደንግጣ ቀና አለች። «ሰዓትሽን እይ፣ ልጄ» አሏትና ፒን በሰከንዷ አወረዱት። ሌላ ጡሩምባ ወጣ። ዜሮ ላይ አንድ አፍንጫ መስመሩን አልፎ ነበር፤ የዚያ የታክሲ ተሳፋሪ ጀልባ ነው።

«ጋሼ፣ የእሱ ነው» አለች ዝግ ብላ።

«ቁጥሩን ተናገሪ።»

ተናገረች። ኤክስ ወጣ። ሰውዬው ዞሮ ተመለሰ፣ እንደገና ጀመረ፣ መጨረሻ ወጣ። ወደብ ላይ እጇን ጨብጦ «ልክ ነበርሽ» አላት።

በቬኒስ ጎዳና ሲመለሱ ፒን አንድም ቀን ለምን እንዳልሰጧት ጠየቀች። ወዲያው አልመለሱም።

«ወደብ ላይ ያ ባንዲራ ሲወጣ ሁሉም ይሳፈር፣ መርከቡ ሊነሳ ነው ማለት ነው» አሏት በኋላ። «በግንቦት 83 መርከቦቹ ከአሰብ ወደ የመን ሲሸሹ እኛ ጋ አልወጣም። ጓደኛዬ ዳቦ ሊፈልግ ወርዶ ነበር።»

«ማን ነበር መስቀል ያለበት?»

«እኔ። ትእዛዝ አልመጣም። ሳይታዘዙም መስቀል ይቻል ነበር።»

ልጅቷ አላጽናናቻቸውም። በሚቀጥለው ረቡዕ ገመዱን ሰጧት። 4 ደቂቃ ሲቀር ባንዲራው ሲወጣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ወደቡ አዙረው ነበር።

በማግስቱ ፌርፋክስ ላይ ክርክሩ እንደተለመደው ነደደ። አንደኛው ዞር ብሎ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ያውቁታል፤ ምን ይላሉ?» አላቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ረቡዕ ሰው ያንሰናል» አሉ። «ማን ይመጣል?»

ዝም ተባለ። ከዚያ ሁለት እጆች ወጡ። አንደኛው ዋና እንደማይችል ተናገረ።

«ላይፍ ጃኬት አለ» አሉ ጋሽ ባሕረኛው። «በዘጠኝ ሰዓት እንነሳለን። የዘገየ ካለ ደውሉልኝ፤ እጠብቃለሁ።»