የጀማሪ እጅና ጥቁር ክር

ይህችን በእጅ እየተገለበጠች የምትዞር መጽሔታችንን ስትከፍቱ ግጥም ወይም የአገር ትዝታ ጠብቃችሁ ከሆነ፣ እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ክርና ስለ ኪሮሽ ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «መምህሩ ዳንቴል ጀመረ» የሚለው ወሬ ከውኃ ቧንቧው ሰልፍ አልፎ ቡና ቤቶቹ ድረስ እንደ ደረሰ አውቃለሁ። ሳቁን አልጠላሁትም፤ በካኩማ ሙቀትና አቧራ መካከል ሰው የሚስቅበት ነገር ማግኘቱ ራሱ ቀላል አይደለም። ዳሩ ግን ከሳቁ በስተጀርባ ያለውን ብነግራችሁ፣ ኪሮሽ ለመማር ላሰበ ሁሉ፣ ምናልባትም ለሚያስተምር ሰው ሁሉ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሠፈራችን ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው አንዲት እናት አሉ። ከሰዓት በኋላ የቤታቸው ጥላ ረዘም ሲል፣ ምንጣፍ ዘርግተው ለልጃገረዶች ዳንቴል ያስተምራሉ። እጃቸው ወርቅ ነው፤ ፊደል ግን አልቆጠሩም። አንድ ቀን አስጠሩኝና፣

«መምህሬ» አሉ፤ «ልጆቹ እየተዉኝ ነው። ስምንት ነበሩ፣ አሁን አምስት ቀሩ። ከዚህ ሥራ የሳሙናና የደብተር መግዣ እንኳ ቢያገኙ ብዬ ነበር። አንተ ማስተማርን የተማርህ ሰው ነህና የቱ ላይ እንደ ተሳሳትሁ እይልኝ፤ በወረቀትም ጻፍልኝ።»

ከተዉት ከሦስቱ አንዷን አውቃታለሁ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው። ለምን እንደ ተወች ብጠይቃት መሬት መሬቱን እያየች፣ «እጄ አይታዘዝልኝም፣ ቲቸር» አለችኝ።

መምህር የማያውቀውን ነገር የትምህርት ዕቅድ ሊያወጣለት አይችልም። ስለዚህ እማማን፣ «መጀመሪያ እኔም ልማር» አልኋቸው። ሳቁ። «ወንድ ልጅ ኪሮሽ?» አሉ። «ሸማኔውስ ወንድ አይደለም ወይ፣ እማማ?» ብላቸው ጥቂት አሰቡና፣ «እሱስ እውነትህን ነው፤ በል ክርና ኪሮሽ ይዘህ ና» አሉኝ።

ገበያ ወርጄ ገዛሁ። ክሩ ጥቁር፣ ቀጭንና ጠጉራም ነበር፤ ኪሮሹም እንደ መርፌ የቀጠነ። ጥቁሩን የመረጥሁት አቧራ አያሳይም ብዬ ነው። ጠጉራሙን የመረጥሁት ስዳስሰው ስለ ለሰለሰኝ ነው። ቀጭኑን ኪሮሽ የመረጥሁት ደግሞ እማማ የሚይዙት ቀጭን ስለሆነ ነው። ሦስቱም በቂ ምክንያት ይመስላሉ፤ ሦስቱም ስሕተት ነበሩ።

ዐሥር ቀን ታገልሁ። ኪሮሽ ጫፉ መንጠቆ የሆነ አንድ መርፌ ብቻ ነው፤ ሥራውም ክሩን በመንጠቆው እየሳቡ ቀለበትን በቀለበት ውስጥ ማሳለፍ ነው። ሲነገር ይህን ያህል አጭር ነው። እኔ ግን ቀለበቱ የት እንዳለ ማየት አልቻልሁም። ቀን ላብ ያላበው ጣቴ ክሩን እያጣበቀ፣ ማታ የፀሐይ መብራቱ ጥቁሩን ክር ከጨለማው ሳይለይልኝ ቀረ። የተሳሳተውን ልተርትር ስል ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ እምቢ አለ። በዐሥረኛው ቀን ክሩን አሽቀንጥሬ ጣልሁትና «እጄ አይሆንም» አልሁ።

ያን ጊዜ ነው ደንገጥ ያልሁት። ይህ የዚያች ልጅ ቃል ነው።

በማግሥቱ እማማ ዘንድ ሄጄ ሳልናገር ተቀምጬ እጃቸውን ተመለከትሁ። እያወሩ፣ ቡና እያስቀዱ፣ የመጣውን የሄደውን ሰላም እያሉ ይሠራሉ። ክሩን አያዩትም፤ ጣታቸው ያየዋል። ለልጆቹም የሰጧቸው ያንኑ የሚወዱትን ቀጭን የዳንቴል ክር ነው፤ ከንፍገት ሳይሆን ከፍቅር፣ ጥሩ ነው የሚሉትን። አርባ ዓመት የሠራ እጅ የሚወደው ክርና ገና የሚጀምር እጅ የሚያስፈልገው ክር ግን አንድ አይደሉም።

«እማማ» አልሁ፤ «ወፍራም ኪሮሽ የለዎትም?»

ከሳጥናቸው ሥር አንድ የአሉሚኒየም ኪሮሽ አወጡ፤ እጀታው ላይ 5 ቁጥር ተቀርጾበታል። አምስት ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለዚህ የሚሆን ክር ግን አልነበረንም። እኔ ደግሞ ከአገሬ ስወጣ ለብሼው የመጣሁ አንድ ነጣ ያለ ሹራብ አለኝ፤ የመጀመሪያ ደመወዜን ተቀብዬ የገዛሁት። በዚህ በቱርካና ሙቀት አንድ ቀን እንኳ አልለበስሁትም፤ ግን በየጊዜው አውጥቼ አራግፌ አጥፌ አስቀምጠው ነበር። ያን ዕለት አወጣሁትና ከአንገቱ ጀምሬ ተረተርሁት። አላለቀስሁም፤ እማማ ግን ዘወር አሉ። በዚያ ክርና በዚያ ኪሮሽ ሰዓት ሳይሞላ ሃያ ቀለበት ያለው ሰንሰለት ሠራሁ። እጄ ያው እጄ ነበር፤ የተለወጠው የያዘው ነገር ነው።

እንግዲህ ለእማማ የጻፍሁላቸውን ወረቀት ለእናንተም ላካፍላችሁ።

አንደኛ፤ የክሩ ቀለም ነጣ ያለ ይሁን። ነጭ፣ ክሬም፣ ቢጫ፣ ውኃ ሰማያዊ መልካም ነው። ጀማሪ የሚሠራው በዐይኑ ነው፤ እያንዳንዱን ቀለበት አይቶ መቁጠር አለበት። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ለኋላ ይቆዩ። ዥጉርጉር ክርም ዐይን ያሳስታል።

ሁለተኛ፤ ክሩ ልሙጥ ይሁን። ጠጉራምና ቋጠሮ ቋጠሮ ያለበት ክር ሲሳሳቱ አይተረተርም። ጀማሪ ደግሞ ከሚሠራው የሚተረትረው ይበዛል። የኪሮሽ ትልቁ ጸጋው ይህ ነው፤ ስሕተቱ ሲተረተር ክሩ አይጠፋም።

ሦስተኛ፤ ውፍረቱ መካከለኛ ይሁን። በብዙ የውጭ አገር ክሮች መለያ ወረቀት ላይ የቱባ ሥዕል አለ፤ በውስጡም ከ0 እስከ 7 ያለ ቁጥር ይጻፋል። 0 እጅግ ቀጭኑ፣ 7 እጅግ ወፍራሙ ነው፤ ለጀማሪ 4 ቁጥር ይስማማል። መለያ ከሌለው ክሩን በማስመሪያ ላይ ሳታጠብቁ ጎን ለጎን ጠምጥሙት። በ2.5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከ9 እስከ 11 ዙር ከያዘ መካከለኛ ነው። ከ14 በላይ ከያዘ ቀጭን ነውና ሁለቱን ክር ደርባችሁ እንደ አንድ ያዙት።

አራተኛ፤ ከምን እንደ ተሠራ እወቁ። አክሪሊክ ርካሽ ነው፣ ይታጠባል፣ ለመለማመጃ ይበቃል፤ በላብ ጊዜ ግን ጣት ላይ ይይዛል። ጥጥ ለሙቀት አገር ይስማማል፤ ነገር ግን ስለማይለጠጥ እጅ ቶሎ ያደክማል። የበግ ጠጉር ይለጠጣል፣ ለእጅም ይመቻል፤ ለዚህ አየር ግን ይሞቃል። ምንነቱን ካላወቃችሁ ከቤት ራቅ ብላችሁ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ትንሽ ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ለኩሱ። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ የበግ ጠጉር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አክሪሊክ ቀልጦ ጠጣር ጥቁር እንክብል ይሆናል። ስለዚህ የድስት መያዣ ከአክሪሊክ አትሥሩ፤ ከጋለ ብረት ጋር ሲነካካ ቀልጦ እጅ ላይ ይጣበቃል። የድስት መያዣ ከጥጥ ብቻ ነው።

አምስተኛ፤ ኪሮሹ 5 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቁጥሩን ስታነቡ ሚሊ ሜትሩን ፈልጉ፤ በአንዳንድ ቀጫጭን የብረት ኪሮሾች ላይ ቁጥሩ ሲበዛ ውፍረቱ ያንሳልና እንዳትሳሳቱ። ሰንሰለታችሁ ጠብቆ መንጠቆው አልገባ ካለ በግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ በሉ፤ ከላላና ቀዳዳው ከሰፋ ዝቅ በሉ። አሉሚኒየም ቶሎ ያንሸራትታል፤ እንጨት ክሩን ያዝ ያደርግና እንዳያመልጥ ይረዳል። መንጠቆው ክብ ጫፍ ያለው ይሁን፤ የሾለ ክሩን ይሰነጥቃል። መግዣ የሌለው ከኒም ቅርንጫፍ ቀርፆ፣ በአሸዋ ወረቀት አለስልሶ፣ ሻማ ቢቀባው ይሆነዋል። መለስለሱን ለማወቅ በነጠላ ጫፍ ላይ ሳቡት፤ ካልያዘ ተስማምቷል። የብስክሌት ጎማ ሽቦ ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነውና ለዳንቴል እንጂ ለጀማሪ አይሆንም።

ስድስተኛ፤ ክር ከሌለ አሮጌ ሹራብ አለ። ስትመርጡ የጎኑን መገጣጠሚያ ገልብጣችሁ እዩ። ተቆርጦ በመኪና የተሰፋ ከሆነ ሲተረተር ቁርጥራጭ ብቻ ይሰጣችኋል፤ ጠርዙ ሳይቆረጥ የተያያዘ ከሆነ ረጅም ክር ይወጣዋል። የተረተራችሁትን በወንበር ጀርባ ላይ ጠምጥማችሁ ቱባ አድርጉ፣ ሦስት አራት ቦታ እሰሩት፣ እጠቡት፣ ከሥሩ ቀላል ክብደት አንጠልጥላችሁ አድርቁት። መጨማደዱ ሲለቅቀው በልቃቂት ጠቅልሉት። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ሥራ የሚበቃውን ባንድ ጊዜ ግዙ፤ መለያው ላይ የተጻፈው የቀለም ዙር ቁጥር ከተለያየ አንዱ ነጭ ከሌላው ነጭ ይለያልና።

ይህን ሁሉ ለእማማ ሳነብላቸው፣ «ታዲያ ወፍራሙን እየሠሩ መቼ ገንዘብ ያገኛሉ? ገበያ የሚወደው ቀጭኑን ነው» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። እኔም የአየርላንድን ነገር ነገርኋቸው። እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 በዚያ አገር የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ታላቅ ረሃብ ሆነ። በኮርክና በሌሎችም ስፍራዎች መነኮሳት ሴቶችንና ልጃገረዶችን ኪሮሽ አስተማሩ፤ ሥራው ወደ ውጭ እየተሸጠ ለብዙ ቤተሰብ የእህል መግዣ ሆነ። ያ ሥራ ከቀጭን ክር የሚሠራ ረቂቅ ነገር ነበር፤ ሆኖም አንዷ ጽጌረዳውን፣ አንዷ ቅጠሉን ለየብቻ ትሠራና በኋላ በመረብ ይያያዝ ነበር። አንድ ሰው ሁሉንም ማወቅ አላስፈለገውም። እማማ ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲያው ያወቁት ቀጭኑን ይያዙ፤ የጀመሩት ከወፍራሙ ጥጥ የድስት መያዣ ይሥሩ፤ እሱም ይሸጣል» ብለው ራሳቸው ፈረዱ።

አሁን የኔን ልናገር። በኮሌጅ ሳለን «ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው» የሚለውን የማስተማር ሥርዓት በቃሌ አጥንቼ፣ ለፈተና ጽፌ፣ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ከዚያ በኋላ በተመደብሁበት የገጠር ትምህርት ቤት አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ነበረኝ። ፊደሉ ሁሉ ይጣመምበት ነበር። የሚጽፈው ጣት በማታክል የእርሳስ ጉማጅ፣ ጠባብ መስመር ባለው ወረቀት ነው። እኔም አንድ ቀን በክፍሉ ፊት፣ «ያንተ እጅ ሞፈር እንጂ እርሳስ ለመጨበጥ አልተፈጠረም» አልሁት። ልጆቹ ሳቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ቀረ፤ ተመልሶም አልመጣ። እኔም መዝገቡ ላይ «አቋርጧል» ብዬ ጻፍሁና ወደ ሌላው ስም አለፍሁ። ረጅም እርሳስና ሰፊ መስመር መስጠት እችል ነበር። እጁን ወቀስሁ እንጂ የያዘውን አላየሁለትም።

ስለዚህ ወደዚያች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስሄድ «በርቺ፣ ጠንክሪ» አላልኋትም። ከሹራቤ የወጣውን ልቃቂትና ወፍራሙን ኪሮሽ ሰጠኋትና፣ «ጥፋቱ የእጅሽ አልነበረም፤ የክሩ ነበር» አልኋት። መልስ አልሰጠችኝም። በማግሥቱ ግን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አየኋት። ሃያ ቀለበት ሠርታ ቆጠረች፤ ዐሥራ ዘጠኝ ሆነባት። ዝም ብላ ተረተረችው፤ እንደገና ጀመረች።

ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። የት እንዳለ አላውቅም። ይህች ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች እሱ ያለበት ትደርሳለች ብዬ አላስብም። ድንገት ብትደርስና የሚያነብለት እንኳ ቢያገኝ ግን፣ ጥፋቱ የእርሳሱና የኔ እንደ ነበር ይወቅልኝ።

ኪሮሽ ለመማር የምትፈልጉ፣ ወንዶችም ጭምር፣ ከሰዓት በኋላ እማማ ዘንድ ኑ። የሹራቤ አንድ እጅጌ ገና አልተተረተረም።