የጳጉሜ ክሬዮን

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን የክሬዮን ጣጣ የሚጀምረው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የሠሩበትን ሁሉ በከረጢት አጭቀው ይመጣሉ። ደብተሩና ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ከሥር የሚቀረው የተሰባበረ፣ አውራ ጣት የማያህል ክሬዮን ነው። እኔ አዲስ አበባ፣ አንድ ፓኮ ከለር ለወንድማማቾች ለዓመት በሚበቃበት ቤት ስላደግሁ ቁራጭ ከለር መጣል አይሆንልኝም። ባለቤቴ ያጠራቀምኩትን ቁም ሣጥን ውስጥ ባየች ቁጥር “ሙዚየም ልትከፍት ነው?” ትለኛለች።

መላው የተገኘው ጳጉሜ ላይ ነው። ልጄ ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ሥሎ ለጎረቤት እንዲሰጥ ፈልጌ ነበር። በእኛ ሰፈር ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ፣ ወንዶቹ መልአክ ወይም አደይ አበባ ሥለን፣ ከግርጌው “እንኳን አደረሳችሁ” ጽፈን በየቤቱ እናድል ነበር። ስጦታ ይባል እንጂ ዓይናችን ሳንቲሟ ላይ ነበር። አደይ ደግሞ ቢጫ ትፈልጋለች። ነጭ ወረቀት ላይ ደምቆ ስለማይታይ ይመስለኛል፣ ከረጢቱ ውስጥ በብዛት ተርፎ የቆየው ቢጫ ነው።

እናቴ በዚያ ሰሞን ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ድስት ልጥድ ስነሣ “ተው! ሰም በደረቁ እሳት ላይ አይጣድም፣ ይቀጣጠልብሃል” አለችኝ። ጧፍ ሲሠራ እያየች ያደገች ሴት ናት። ክሬዮንም ቢሆን ፓራፊን ሰምና ቀለም ነው፤ በ1903 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የክራዮላ ፓኮ 8 ቀለም ይዞ በ5 ሳንቲም ሲሸጥም ነገሩ ይኸው ነበር። ስለዚህ ወደ ኦቭኑ ዞርን።

ረጅሙ ሥራ ወረቀቱን ማንሣት ነው። እናቴና ልጆቹ ክሬዮኑን ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፉት፤ ሙጫው ሲለቅ እንደ ተነከረ ባቄላ እየላጡ በፎጣ አደረቁት። እኔ በአበባ ቅርጽ የተሠራ የሲሊኮን መጋገሪያ ትሪ አምጥቼ፣ ቁርጥራጩን ሞላሁበት። ቢጫውን ከብርቱካንማው ጋር ደባለቅን። ልጄ አረንጓዴና ቀይ አንድ ላይ ጨመረና ቡናማ ወጣለት፤ እሱ ግን ደስ ብሎታል።

ኦቭኑን 250 ፋራናይት ላይ አድርገን መስኮት ከፈትን። መጀመሪያ ጠርዙ ላበው፤ ከዚያ ቁራጩ በራሱ ቀለም ውስጥ ቆሞ ጥቂት ቆየና ሰመጠ። ከሩብ ሰዓት ያልበለጠ ነው። ትሪውን ያወጣሁት ልጆቹን አርቄ ነው፤ የቀለጠ ሰም ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ቀልድ የለውም። ሲበርድ ፍሪዘር ውስጥ ትንሽ አቆየነውና ከኋላው ገፋ ስናደርገው ዱብ አለ። ሥሩ የደመቀ፣ ላዩ ግን የገረጣ ነበር፤ ቀለሙ ሲዘቅጥ ሰሙ ይንሳፈፋል። ምግብ ቤት ለልጆች የሚታደለው ርካሹ ክሬዮን ከሁሉም የባሰ ገረጣ።

በእንቁጣጣሽ ዕለት ልጄ ሥዕሎቹን ይዞ ፎቁን ዞረ። ከላያችን ያሉት የኤልሳልቫዶር ሴትዮ ነገሩ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም አንድ ዶላር ሰጡት። እናቴ “ይኸው፣ ወጉ ደረሰ!” አለች።

ከአዲሱ ክሬዮን ይሻላል አልልም፤ ቀጭን መስመር አያወጣም። ለሕፃን መዳፍ ግን የሚመች ነው፣ ቶሎም አይሰበርም። ማቅለጡ የማይሆንላችሁ ከሆነ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዘ ክሬዮን ኢኒሼቲቭ የሚባል ድርጅት ከምግብ ቤትና ከትምህርት ቤት የተራረፈውን ሰብስቦ፣ እንደገና ሠርቶ ለሕፃናት ሆስፒታሎች ያድላል። እቤት የምትሠሩ ደግሞ የተረፈውን ሰም ማጠቢያው ላይ እንዳትደፉ፤ ቱቦ ይደፍናል። ትሪውንም ለዳቦ አትመልሱት።