በእንጦጦ ቡችላ እንዴት ያድጋል?

እንጦጦ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የሚገኝ ተራራ ነው። ከፍታው ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ሽቅብ የሚወጣ ሰው የሸማኔዎቹን ሠፈር አልፎ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ማታ ደግሞ ጅብ ይጮኻል። ስለዚህ እዚያ በግ ያለው ሰው ያለ ውሻ አያድርም።

ወደዚያ የወጣነው ውሻ የሚያረቡ አንድ አባት እንዳሉ ሰምተን ነው። የሳቸው ውሾች ሌሊት ጅብ ያባርራሉ፤ ቀን ግን ልጅ አይነክሱም ይባላል። «አባባ፣ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ኑና እዩ» አሉን።

ስድስት ቡችሎች ነበሩ። ማደሪያቸው ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ነፋስ የማያገኘው ቦታ ነው። መሬቱ ላይ ደረቅ ጭድ ተነጥፏል። ጭዱ ሲረጥብ ይለወጣል፤ እርጥበትና ውርጭ ቡችላ ይገድላሉና።

ቡችላ ሲወለድ ዓይኑም ጆሮውም ድፍን ነው። ዓይኑ የሚገለጠው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ጆሮው ትንሽ ቆይቶ ይከፈታል። እስከዚያ ድረስ ሥራው መጥባትና መተኛት ብቻ ነው።

ትልቁ ነገር የሚጀምረው በ3ኛው ሳምንት ነው። ከዚያ እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ቡችላው ዓለሙን ይማራል። በዚህ ጊዜ በደግ ያየውን ሁሉ ወገኑ ያደርገዋል። ያላየውን ግን ሲያድግ ይፈራዋል። የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል።

እኚህ አባት ይህን ከመጽሐፍ አላገኙትም። እያዩ ነው የተማሩት። በየቀኑ እያንዳንዱን ቡችላ አንሥተው እግሩን፣ ጆሮውን፣ አፉን ይዳስሳሉ። የጎረቤት ልጆችን ይጠራሉ። ልጆቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ነው ቡችላውን የሚይዙት፤ ቆመው ቢያነሡት ሊጥሉት ይችላሉ።

በመንገዱ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ያልፋሉ። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል። ይህን አይቶ የማያውቅ ውሻ ሰው መሆናቸውን እንኳ አይለይም፤ ዘሎ ይይዛል። ስለዚህ እሳቸው ሴቶቹን በራቸው ላይ እንዲያርፉ ይጋብዛሉ። ውሃ ይሰጧቸዋል። ቡችሎቹም ሸክሙን እያሸተቱ ይዞሩታል። ጃንጥላ የያዘ ቄስ ወደ እንጦጦ ማርያም ሲያልፍ ቡችሎቹ ያያሉ። አህያም ያያሉ። እንጦጦ ላይ በጠዋት የሚለማመዱ ሯጮችም አሉ፤ ውሻ ደግሞ የሚሮጥ ነገር መከተል ይወዳል። ለዚህ መላ አላቸው። አንድ ልጅ እየሮጠ ያልፋል። ሳይከተል ዝም ብሎ ያየ ቡችላ ቁራሽ እንጀራ ያገኛል። እኛ ይህን ስናይ ሳቃችን መጣ፤ ቡችሎቹ ግን ገብቷቸዋል።

ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ ከእናታቸው ጡት ሌላ በወተት የራሰ እንጀራ ይቀምሳሉ። ለየብቻ ነው የሚበሉት፤ አለዚያ ጉልበተኛው ደካማውን ያስርበዋል። ሲበሉ እሳቸው እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደድ አድርገው ይጨምሩላቸዋል። ቡችላው ወደ ምግቡ የመጣ እጅ ሊሰጠው እንጂ ሊነጥቀው እንዳልሆነ ይለምዳል።

8 ሳምንት ሳይሞላው ቡችላ ከሳቸው ቤት አይወጣም። ከወንድምና ከእህቱ ጋር ሲጫወት አንዱ አጥብቆ ከነከሰ የተነከሰው ይጮኻል፤ ጨዋታውም ይቆማል። ጥርሱን መቆጣጠር የሚማረው እዚያ ነው።

አንድ ጎረቤት ይህን ሲሰማ፣ «ውሻ ታስሮ ጨለማ ቤት ካላደገ ኃይለኛ አይሆንም» አለ። እኛም በየገጠሩ የሰማነው ነው። አባባ መለሱ፦ «የጨለማ ውሻ ፈሪ ነው። ጅብ ሲመጣ አልጋ ሥር ይገባል፤ ያንተ ልጅ ሲመጣ ግን ይነክሳል።»

ሳይንሱም ከሳቸው ጋር ነው። በአሜሪካ አገር ባር ሃርበር በተባለ ቦታ ተመራማሪዎች ቡችሎችን በታጠረ ሜዳ ውስጥ ከሰው አርቀው አሳደጉ። አንዳንዶቹን በተለያየ ሳምንት እያወጡ ከሰው ጋር አዋሏቸው። ውጤቱ በ1953 ዓ.ም. ታተመ። እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ያልቀረባቸው ቡችሎች እንደ ዱር አውሬ ሆነው ቀሩ፤ ማልመድም አስቸጋሪ ሆነ።

በአንድ ነገር ግን ከአባባ ጋር አልተስማማንም። በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረውን ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ለውሾቹ ይጥሉ ነበር። በዚያ ውሃ ውስጥ የትል ዘር አለ። ትሉ በውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ከዚያም በእጅና በምግብ ወደ ሰው ይገባል፤ በሰውም ጉበት ላይ ውሃ ይቋጥራል። እንዲህ ያለው ሥጋ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ይቀበር። አባባ ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ ልጃቸውን አካፋ አምጣ አሉት።

ውድ አንባብያን፣ የለመደ ውሻም ቢሆን በእብድ ውሻ ሊነከስና ሊያብድ ይችላል። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ጉለሌ ውስጥ፣ ፓስተር የሚባል ሠፈር አለ። ስሙ የመጣው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ፓስተር ፈረንሳዊ ሊቅ ነበር፤ በ1877 ዓ.ም. እብድ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት አዳነ። ዛሬም ቢሆን የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መድኃኒት አይገኝም ማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበልም ለመሄድ ያሰበ መጀመሪያ ክትባቱን ይጀምር። ውሻውም 3 ወር ሲሞላው ይከተብ፤ በዓመቱም ይደገም።

እኛ ስንወርድ አንድ ገበሬ ከሱሉልታ በኩል መጥቶ ቡችላ ጠየቀ። አባባ ስለ ዋጋው አላነሡም። «ቤትህ ልጅ አለ?» አሉት። «ሁለት» አለ። «እንግዲያው ቅዳሜ ይዘሃቸው ና። መጀመሪያ ይተዋወቁ።»