የጋራ መኪናችንና የገዛ እጃችን

መኪና ሲያረጅ ሳይናገር የሚከዳው በፊት እግሩ ነው። ሞተር ቢያጨስ ሁሉም ያያል፤ ባትሪ ቢደክም ጠዋት አልነሣም ብሎ ያስታውቃል። የፊት እግር መጋጠሚያ ግን ውስጥ ውስጡን እየተበላ ይኖራል። የመንገድ ጉብታ ሲያገኝ «ቋ» ከማለት በቀር ሌላ አቤቱታ የለውም። ሰውም ድምፁን ይለምደዋል፤ አደጋውም ያለው በዚሁ መልመድ ላይ ነው።

እዚህ ካይሮ አምስት ተማሪዎች አዋጥተን የገዛናት አሮጌ ላዳ 2107 አለችን። በወረቀት የአምስታችን ትሁን እንጂ በተግባር የማኅበሩ ሁሉ ናት። አዲስ የሚመጡ ወንድሞችንና እኅቶችን ከአውሮፕላን ጣቢያ የምትቀበል፣ የታመመውን ሐኪም ቤት የምታደርስ፣ ለበዓል ዶሮውንና ሽንኩርቱን ከገበያ የምታመጣ እርሷ ናት። ስለዚህ ቋቋታው በተሰማ ጊዜ ጉዳዩ የብዙ ሰው ሕይወት ጉዳይ ሆነ።

ላዳ ለእኛ እንግዳ አይደለችም። መሠረቷ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የኢጣሊያው ፊያት 124 ነው። በዚያው ዓመት በተደረገ ስምምነት ሶቪየቶች በቮልጋ ወንዝ ዳር በቶሊያቲ ከተማ ፋብሪካ ተከሉ፤ የመጀመሪያዋም ላዳ በ1970 ወጣች። የእኛዋ ዓይነት 2107 በ1982 ተከተለች፤ የዚህ ትውልድ መኪና ሥራ ሩሲያ ውስጥ ያበቃው በ2012 ነው። ግብፅም ትገጥማት ነበር። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ስንት ዘመን ታክሲ ሆና እንዳገለገለች ለአንባቢ መንገር አያሻም። የፊት እግሯ አሠራር በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ብዙም ስላልተለወጠ፣ እዚህ የተማርነው አገር ቤትም ይጠቅማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱን የፊት ጎማ ከላይና ከታች ሁለት የብረት ክንዶች ይይዙታል። ክንዶቹ ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚገናኙት ቦል ጆይንት በሚባል መጋጠሚያ ነው፤ ይህም በብረት ቤት ውስጥ እንደ ልብ የሚዞር ኳስ ነው። በታችኛው ክንድና በመኪናው አካል መካከል ክብደቱን የሚሸከመው ሞላ ተጨምቆ ተቀምጧል። ኳሱ በግራሶ ተለውሶ በጎማ ቆብ ይሸፈናል። ቆቡ ሲቀደድ አቧራ ይገባል፤ አቧራና ግራሶ ሲደባለቁ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ይፈጩታል። የካይሮ አቧራ ለዚህ ሥራ ሰነፍ አይደለም። ኳሱ ከቤቱ የወጣ ዕለት ጎማው ወደ ጎን ይታጠፋል፤ መሪው በእጅ ቢኖርም መኪናው ከእጅ ወጥቷል ማለት ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ጎማውን በክሪክ ከመሬት ካነሡ በኋላ ከላይና ከታች ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መወዝወዝ ነው። ቢንቀሳቀስ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ እንቅስቃሴው ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ የቦል ጆይንቱ ነው። በታችኛው መጋጠሚያ ሥር ደግሞ ትንሽ መክደኛ ብሎን አለች። እርሷን ፈትቶ እስከ ኳሱ ያለውን ጥልቀት መለካት ይቻላል፤ ከ11.8 ሚሊሜትር ከበለጠ ዘመኑ አልቋል። የእኛ አልቆ ነበር።

አንድ ጋራዥ የጠየቀን ዋጋ ከአምስታችን ኪስ በላይ ሆነ። ከመካከላችን ሁለቱ ምሕንድስና ይማራሉ፤ የኃይልን ሚዛን በወረቀት ላይ አሳምረው ያሰላሉ፤ ነገር ግን 22 ቁጥር መፍቻ ጨብጠው አያውቁም ነበር። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። በተውፊቂያ የመለዋወጫ ገበያ አራት ቦል ጆይንት ገዝተን፣ በአንድ ዓርብ ጠዋት በቤታችን ግቢ ሥራውን ጀመርን።

የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ደገፍን፤ መኪናዋን በክሪክ ብቻ ሳንተው በጽኑ መቆሚያ አሳረፍናት። ቀጥሎ ሌላ ክሪክ ከታችኛው ክንድ ሥር አስገባን። የሥራው ሕይወት እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ክሪክ ሞላውን እንደ ተጨመቀ ካልያዘው፣ የተፈታው ክንድ በሰው ላይ ይወረወራል። ከዚያም በ22 መፍቻ የኳሱን ዳዶ አላላን፤ ጨርሰን ግን አላወጣነውም። ኳሱ ከጉድጓዱ አልነቃነቅ ብሎ አንድ ሰዓት አለፋን።

በዚህ መካከል ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ የታክሲ ሾፌር ቆመው ሲመለከቱን ቆዩና ሁለት መዶሻ አምጡ አሉ። አንዱን መዶሻ በጉድጓዱ ጎን አስደግፈው በሌላው ከወዲያኛው ጎን ሁለት ጊዜ መቱት፤ ኳሱ ለቀቀ። የቀረው በ13 መፍቻ ሦስት ብሎን መፍታት፣ አዲሱን አስገብቶ ማጥበቅ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ አራቱም ተለወጡ።

የክንዶቹን የጎማ ቡሽ ግን አልነካንም። የታችኞቹ ሞላውን ማውጣት፣ ቡሾቹም በማተሚያ መግፋት ስለሚጠይቁ ለባለሙያ ተውናቸው። የጎማዎቹንም አቅጣጫ በማግሥቱ ኮንቨርጀንሳ ቤት አስተካከልን። የእጅ ሥራን ማክበር ወሰኑንም ማወቅ ነው።

በዚያ ቀን ልብ ያልነው ሌላ ነገር አለ። የግቢው ሰው ሁሉ ሽማግሌውን የሚጠራቸው «ያ ኡስታ» እያለ ነው። ግብፆች ለባለ እጅና ለሾፌር የሚሰጡት ስም ነው፤ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው የሚገባ የክብር ስም ነው። እኛስ? ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ ብለን፣ ቡዳም ጨምረንበት፣ ማረሻችንን ከእጁ እየተቀበልን ማዕዳችንን የከለከልን ሕዝብ ነን። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። መልኩን ለውጦ በእኛ በተማርነው ዘንድ ተቀምጧል፤ ዲግሪ ያለው እጅ ግራሶ አይነካም በሚለው አስተሳሰብ ውስጥ ይኖራል። የአእምሮን ሥራ ከጉልበት ሥራ ለይቶ አንዱን ጌታ ሌላውን ሎሌ የሚያደርግ ትምህርት፣ ለአገር የሚያተርፈው የሚያወራ መሐንዲስና የተናቀ መካኒክ ነው። ድልድይ የሚሠራው ግን ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። በአባላት መዋጮ አንድ የመፍቻ ሣጥን፣ ሁለት ክሪክና አራት መቆሚያ ይገዛ፤ በወር አንድ ዓርብ መኪና፣ ምድጃ፣ የውኃ ቧንቧ በጋራ የምንጠግንበት ቀን ይሁን። የሥነ ጽሑፍ ተማሪውም የሕክምና ተማሪውም፣ ወንዱም ሴቷም ይምጡ። የሚያውቅ ያሳይ፤ የማያውቅ መብራት ይያዝ። ሽማግሌው ሾፌርም ከተጋበዙ እንደሚመጡ ነግረውናል፤ የምንጠራቸውም በሚገባቸው ስም ነው።