መልስ የሌለው ካሴት

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ቴፕ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ የኮሜዲ ካሴት አይታጣበትም ነበር። ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ተስፋዬ ካሳ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ስንቱን አሳቁት! እኔ በዚያ ዘመን ካሴቶች ላይ አብዝቼ የምወደው ግን ዘፈን የሚጠመዘዝበትን ቦታ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የፍቅር ዘፈን ይጀመራል። ኦርጋኑ ያው፣ ዜማው ያው፤ ግጥሙ ግን ከዓይንና ከጥርስ ይወርድና ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሽሮ ይሆናል። ዘፋኙ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ባላገሩ» ነው፤ ቃሉን የሚጎትት፣ ከተማው ግራ ያጋባው።

እንግዲህ ይህን ጎንደር ላይ ሆኖ መስማት ሌላ ነገር ነው። ባላገሩ የኛው ዘመድ ነዋ!

አንድ ጊዜ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስንሄድ (መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያኔ በጠጠር መንገድ ቀኑን ያጋምሰዋል) ሾፌሩ እንዲህ ያለ ካሴት ከፈተ። እኛ ከተሜዎቹ በሳቅ ሞትን። አምባ ጊዮርጊስ ላይ የተሳፈሩ አንድ ሽማግሌ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፦

«የኔ ልጅ፣ ይህ ሰው ማንን ነው እሚሰድበው?» አሉኝ።

«ማንንም አይደል አባቴ፣ ቀልድ ነው።»

«ቀልድ መሆኑንማ አወቅሁት። መልስ እሚሰጠው ማነው?»

ይህ ከመሰንቆ ጋር ያደገ ሰው ጥያቄ ነው። ጎንደር አጠገብ እንደ ቡርቧክስ ያሉ የአዝማሪ መንደሮች አሉ። አዝማሪም የሰማውን ዘፈን ይጠመዝዛል፤ ቦርጭዎንም፣ ጫማዎንም፣ ቆጣቢነትዎንም ይዘፍንበታል። ዜማውን ሲዋስ ማንንም አያስፈቅድም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፣ እሱ ደግሞ ሥራውን ከጀመረ ዘመን የለውም። ግን ፊትዎ ቆሞ ነው የሚሰድብዎ። ካልጣመዎት «ተቀበል!» ብለው ግጥም ይሰጡታል፤ ስድብዎን በገዛ ድምፁ፣ በራሱ ላይ አሳምሮ ያዜመዋል። ከዚያ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፋሉ፤ ሁለታችሁም ተሳስቃችሁ ትለያያላችሁ። ካሴቱን ግን ምን ትሉታላችሁ? ቢጠመዘዝ በእስክሪፕቶ መልሶ ማጠንጠን ነው እንጂ ማን ይሰማል?

ያም ሆኖ ደጋው ዝም ብሎ የተሰደበ እንዳይመስላችሁ። ከዓመታት በኋላ ዳባት ሰርግ ተጠርቼ፣ አዝማሪው ያንኑ የካሴት ዜማ አነሳ። እዚህ ግን መሳቂያው ባላገሩ አልነበረም። ቆዳ ጫማ ያጠለቀ ከተሜ ነበር፤ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሾፌሩን ወንበር የሙጥኝ ያለ። ቀጥሎ መሰንቆውን ይዞ፣ ጫማዬን እያየ ወደኔ መጣ። ግጥም ባስብ ባስብ አልመጣልኝ አለ። አሥር ብር ለጠፍኩለት፤ «ይኸውላችሁ፣ በዝምታ የከፈለ!» ብሎ በዚያው ዜማ ቀጠለ።